ማሳሰቢያ፦ ትንንሾቻችን ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት

ለደሴና ለኮምቦልቻ ወላጆች፣ አያቶች፣ አሳዳጊዎችና ጎረቤቶች

መስከረም ሊጠባ ነው። ከሮቢት እስከ ሆጤ፣ ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ፣ ሐረጎን ወርደንም እስከ ኮምቦልቻ ዳርቻ ድረስ ቦርሳ እየተገዛ፣ ዩኒፎርም እየተለካ ነው። በብዙ ቤት አንድ ሕፃን ለመጀመሪያ ጊዜ ከእናቱ ጉያ ወጥቶ ክፍል ሊገባ ነው።

ይህን ማሳሰቢያ የጻፍነው ወላጅ ለልጁ አያስብም ብለን አይደለም፤ የማያስብ ወላጅ በሰፈራችን አናውቅም። ነገር ግን የመጀመሪያዋን ቀን ሁላችንም የየቤታችን ጉዳይ አድርገን እናያታለን፤ ክፍሉ ደግሞ የጋራ ነው። አንዱ ሕፃን ሲያለቅስ አጠገቡ ያለው ይከተለዋል። አንዷ እናት በመስኮት ብቅ ስትል፣ እናታቸው የሄደችባቸው ልጆች ሁሉ በር በሩን ያያሉ። መምህርቷ ያላት ሁለት እጅ ነው፤ አንዱን ሽንት ቤት ስትወስድ ሌሎቹን ማን ይይዝላታል? እንግዲህ ልጃችንን ስናዘጋጅ ለጎረቤታችን ልጅም እያዘጋጀን ነው።

ድሮ ልጅ ቄስ ትምህርት ቤት ወይም ቁርአን ቤት የሚሄደው ታላቁን ተከትሎ ነበር። የኔታም ሆኑ ሸሁ ቤተሰቡ የሚያውቃቸው የሰፈር ሰው ናቸው። መዋዕለ ሕፃናት የመጣው በሌላ መንገድ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1900 ድሬዳዋ ላይ፣ ለባቡር ሥራ ለመጡ ፈረንሳውያን ልጆች እንደተከፈተ ይነገራል፤ ከዚያ ወዲህም ለረጅም ዘመን የከፋይ ልጅ ቦታ ሆኖ ቆየ። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ግን ከአንደኛ ክፍል በፊት የሁለት ዓመት የቅድመ አንደኛ ትምህርት አስቀምጧል። የመንግሥት ትምህርት ቤቶችም በ«ኦ» ክፍል የጀመሩት ሥራ ስላለ ዛሬ የነጋዴውም የቀን ሠራተኛውም ልጅ በአምስትና በስድስት ዓመቱ ክፍል ይገባል። የሚገባው ግን የማያውቀው ግቢ፣ የማያውቀው ሰው ዘንድ ነው፤ ታላቅ ወንድምም አጠገቡ የለም። ያንን ጉድለት መሙላት የእኛ ድርሻ ነው።

በነሐሴና በጳጉሜን፣ ቤት ውስጥ

ዝግጅት ሲባል ብዙዎቻችን ወደ ፊደል እንሮጣለን። ሀ ሁን የቆጠረ፣ ኤ ቢ ሲን በዜማ የሚወርድ ልጅ ያኮራል፤ ደግ ነው። ፊደሉን ግን መምህርቷ ታስተምረዋለች፤ ዓመት ሙሉ ጊዜ አላት። በመጀመሪያው ሳምንት ልጁን የሚያስጨንቀው ሱሪውን መፍታት፣ የምሳ ዕቃውን ክዳን መክፈት፣ ስሙ ሲጠራ አቤት ማለት ነው።

የስሙን ነገር ቀለል አድርገን እንዳናየው። ቤት ውስጥ ማሙሽ፣ አቡሽ፣ ሚሚ፣ ባቢ እያልን ነው የምናሳድጋቸው። መዝገብ ላይ ያለው ሌላ ስም ነው። መምህርቷ ጠዋት ስም ስትጠራ ልጁ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብሎ ዝም ይላል። ሁለቴ ሦስቴ ትደግመዋለች። እሱ የሌላ ልጅ ስም መስሎት ዞር ብሎ የተጠራውን ይፈልጋል፤ በመጨረሻም በክፍሉ እያለ «ቀሪ» ተብሎ ይያዛል። ይህ በየዓመቱ የሚደርስ ነገር ነው፤ መድኃኒቱም ቤታችን ውስጥ አለ።

እናድርግ፦

– በመዝገብ ስሙ እንጥራው፤ ጆሮው ካልለመደው ክፍል ውስጥ አቤት አይልም።

– የእናቱንና የአባቱን ስም ከነአያቱ፣ የሰፈሩንም ስም እናስጠናው፤ ቢጠፋ ያገኘው ሰው ወዴት እንደሚመልሰው እንዲያውቅ።

– ወገቡ ላይ ላስቲክ ያለው ሱሪ እናልብሰው፤ ከቀበቶና ከዚፕ ጋር ሲታገል ሽንቱ ያመልጠዋል፣ የጓደኞቹም መሳቂያ ይሆናል።

– ከፖፖ አውጥተን ሽንት ቤት እናስለምደው፤ ጉድጓድ የፈራ ልጅ እስከ ቤት ድረስ ይዞት ይውላል፣ ሆዱንም ያመዋል።

– «ሽንቴ መጣ» ብሎ ጮክ ብሎ መናገርን እናስተምረው፤ ቤት ውስጥ የምንጠቀምበት የልጅ ቃል ካለ ደግሞ ለመምህርቷ እንንገራት፣ ሰምታ እንዳታልፈው።

– በራሱ እጅ ይብላ፤ ማጉረስ ፍቅር ነው፣ መምህርቷ ግን ክፍሉን ሁሉ ማጉረስ አትችልም።

– ለአንድ ሁለት ሰዓት አክስቱ ወይም ጎረቤት ዘንድ ትተነው ሄደን እንመለስ፤ እናት ሄዳ እንደምትመጣ በዓይኑ ያየ ልጅ በር ላይ አይጨነቅም።

– ከተቻለ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ግቢውን አንድ ቀን እናሳየው፤ ያየው በር አያስደነግጠውም።

– ማታ በጊዜ እናስተኛው፤ እንቅልፍ ያልጠገበ ልጅ ለትንሹም ለትልቁም ያለቅሳል፣ ሌሎቹንም ያስለቅሳል።

አናድርግ፦

– «ቆይ ብቻ፣ ቲቸር ትገርፍሃለች» ብለን አናስፈራራው፤ ሊያምናት የሚገባውን ሰው ገና ሳያያት ጠላት አድርገን እየሰጠነው ነው።

– «እዚያ ከረሜላና መጫወቻ ብቻ ነው» ብለንም አንዋሸው፤ ያልሆነ ሲያገኝ በማግስቱ የምንለውን አያምንም።

– ግራ እጁን አንምታው፣ አንሰረውም፤ በግራው የሚጽፍ ልጅ ምንም አልጎደለውም፣ በመፍራት ግን እርሳስ መያዝ ይጠላል።

– ከእከሌ ልጅ ጋር አናወዳድረው፤ ነገ አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ልጆች በቅናት ባይጀምሩ ይሻላል።

– ለውድ ትምህርት ቤት ብለን ዕዳ ውስጥ አንግባ፤ የወላጅ ጭንቀት ቤት ውስጥ ሲውል ሲያድር ልጁ ላይ ያርፋል። ይህን በድፍረት እንላለን፦ በመንግሥት ትምህርት ቤት ተዘጋጅቶ የገባ ልጅ፣ በውዱ ሳይዘጋጅ ከገባው የተሻለ ሳምንት ያሳልፋል።

አንድ ነገር እንጨምር። ቤታችን ቡና አለ፤ አቦሉ ሲጠጣ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ልጁም ረከቦቱ አጠገብ እየተጫወተ ነው። «እኔ ያለሱ እንዴት ልውል ነው? ቤቱ ጭር ሊልብኝ ነው» ትላለች እናት። «አይ፣ እሱም አይችለው» ትላለች ጎረቤት። ልጁ የማይሰማ ይመስለናል፤ አንዷ ቃል አታመልጠውም። እናቱ የምታዝንበት ቦታ ሊሄድ እንደሆነ ይገባዋል። ያንኑ ቡና ለሌላ ነገር እናውለው። ሽማግሌዎቻችን ይመርቁት፣ ዱዓ ይደረግለት፣ «አብሽር፣ ጎበዝ ነህ» ይባል። የወሎ ሰው ምርቃት ያውቅበታል፤ ሁሉም የመረቀው ልጅ ቀና ብሎ ይሄዳል።

ጤናው የክፍሉም ጤና ነው

– የክትባት ካርዱን እናውጣና እንየው፤ የኩፍኝ ክትባት በዘጠነኛ ወሩና በዓመት ከሦስት ወሩ ሁለት ጊዜ መሰጠት አለበት፣ አንዱ ከጎደለ ጤና ጣቢያ ወስደን እንጠይቅ። ኩፍኝ በአንድ ልጅ ከገባ ክፍሉን ያዳርሳል።

– ፊቱን ጠዋትም ቀትርም መታጠብ እናስለምደው፤ የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ በብዛት ከሚገኝባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፣ በሽታውም በእጅ፣ በፎጣና በዝንብ ከዓይን ወደ ዓይን ይተላለፋል።

– ከሽንት ቤት መልስ እጁን በሳሙና መታጠብን እናስለምደው፤ የሆድ ትል ባልታጠበ እጅ ይጋባል።

– እከክ፣ ቆረቆር ወይም ቅማል ካለበት ደብቀን አንላከው፤ በኮፍያና በአንገት ልብስ ለሌሎቹ ይደርሳል፣ ማከሙ ደግሞ አያሳፍርም።

– ትኩሳት ያለው ልጅ የመጀመሪያ ቀኑ ስለሆነ ብቻ አይሂድ፤ ቀኑ ያልፋል፣ ያስያዘው በሽታ ግን የሌላ ቤት ይገባል።

– አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የመስማት ወይም የማየት ችግር ካለበት ለመምህርቷ ለብቻዋ እንንገራት፤ ያላወቀች መምህርት ልጁን ሰነፍ ትለዋለች።

የደሴ ብርድ፣ የኮምቦልቻ ሙቀት፣ የሁለቱም መንገድ

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ በጦሳ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። መስከረም መግቢያ ላይ ጠዋት ጉሙ ገና አይነሳም፤ ዝናቡም አላባራም። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ወረድ ብላ ሳለች ወደ 1,850 ሜትር ትወርዳለች፤ እዚያ የሚያስቸግረው የቀትሩ ፀሐይ ነው። ስለዚህ አለባበሱን እንደ ከተማችን እናስብ።

– በደሴ ሹራብ ከላይ፣ ስስ ልብስ ከውስጥ እናልብሰው፤ ረፋድ ላይ ሲሞቅ ራሱ እንዲያወልቅ።

– በኮምቦልቻ ኮዳውን ውሃ ሞልተን እንስጠው፤ የተጠማ ልጅ የጓደኛውን ኮዳ ይነጥቃል።

– በሹራቡ፣ በቦርሳው፣ በኮዳውና በምሳ ዕቃው ላይ ስሙን እንጻፍ፤ ሁሉም ከአንድ ሱቅ የተገዛ ስለሚመስል ቀን በቀን ጭቅጭቅ ነው።

– የክር ጫማ አንግዛ፤ መምህርቷ የክፍሉን ሁሉ ክር ስታስር አትውልም።

– ትንሽ የሚሰፋውን ጫማ «ያድግበታል» ብለን ለመጀመሪያዋ ቀን አናድርግለት፤ በደሴ ቁልቁለትና ጭቃ ይወድቅበታል።

የደሴ መንገድ ጠባብና ዳገታም ነው፤ አስፋልቱም መሐል ከተማውን ሰንጥቆ ያልፋል። በኮምቦልቻ ደግሞ በባቲ በኩል ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱት ከባድ መኪኖች አሉ። አንድ ባጃጅ ላይ ከልክ በላይ ልጅ ተደራርቦ፣ ቦርሳቸው በጎን ወጥቶ ስናይ ሁላችንም ልባችን ይደነግጣል፤ ግን ነገ ያንኑ ባጃጅ እንጠራለን።

– ባጃጅ ስንኮናተር ስንት ልጅ እንደሚጭን አስቀድመን እንስማማ፤ ሾፌሩ ብዙ የሚጭነው እኛ በምንከፍለው ማነስ ከሆነ፣ ተነጋግረን ጥቂት እንጨምርለት።

– የሰፈር ወላጆች በተራ ልጆቹን በእግር እንውሰድ፤ የአንድ እናት ጠዋት የአምስቱን ሥራ ያቃልላል።

– ትንሹን ለትንሽ አናስይዘው፤ የሰባት ዓመት ልጅ አስፋልት ሲያሻግር ሁለቱንም እናጣለን።

– ማን እንደሚወስደው በስምና በስልክ ለትምህርት ቤቱ እናስመዝግብ፤ ሰው መለወጥ ካለብን በዕለቱ ደውለን እንናገር። እገታ ወላጅን ሁሉ በሚያሳስብበት በዚህ ጊዜ ጥበቃው «አላውቅዎትም» ቢለን አንቆጣ፤ ልጃችንን እየጠበቀልን ነው።

– ስልካችንን በወረቀት ጽፈን ቦርሳው ውስጥ እንክተት፤ ከውጭ አናንጠልጥለው፣ ማንም አላፊ እንዳያነበው።

– ለመውሰድ አንዘግይ፤ ሌሎቹ ሁሉ ሄደው ብቻውን የቀረ ልጅ በማግስቱ አልሄድም ይላል፣ የትምህርት ቤቱን ሞግዚትም የራሷ ልጆች ቤት ይጠብቋታል።

በፋብሪካውና በኢንዱስትሪ ፓርኩ በፈረቃ የምትሠሩ እናቶች፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ከጓደኛ ጋር ፈረቃ ለመቀያየር ከአሁኑ ጠይቁ። ባልደረቦቻችሁም ይተባበሩ፤ የእነሱም ተራ ይመጣል።

ምሳ ዕቃው

ልጆች ምግብ ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚያዩት የጎረቤታቸውን ነው። ቅመሽ፣ ቅመስ ይባባላሉ፤ ይጎራረሳሉ። ይህ የእኛ አገር መልክ ነው፤ እንዲቀርም አንፈልግም። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው፤ የወሎ ልጅ ሌላ አያውቅም። ሆኖም የሥጋው ነገር አለ። ትልልቆቹ በሠርግና በሐዘን ሲጠራሩ ለሌላው ወገን ለብቻው አሳርደው፣ በሌላ ዕቃ አሠርተው ይጋበዛሉ። የአምስት ዓመት ልጅ ይህን አያውቅም። ከጓደኛው ምሳ ዕቃ አንድ ጉርሻ ጥብስ ይበላና፣ ማታ ቤቱ ሲናገር ቁጣ ይደርስበታል፤ በማግስቱ «ከእሱ ጋር አትብላ» ይባላል። ሁለቱም ምንም ሳያጠፉ ይለያያሉ።

– ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥጋ የሌለበት ምግብ እንቋጥር፦ የሽሮ ፍርፍር፣ ድንች፣ አትክልት፣ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ቂጣ። ሁሉም ከሁሉም ሊቀምስ ይችላል፤ ረቡዕና ዓርብም አያስቸግርም።

– ሥጋ ከላክን ለልጁም ለመምህርቷም እንንገር፤ «ይህችን ዛሬ አንተ ብቻ ነህ የምትበላት» ማለት ይገባዋል።

– ጓደኛው የሰጠውን ቢበላ አንቆጣው፤ የሰጠውንም ልጅ ስም አናንሳ። ለወላጁ በእርጋታ እንንገረው፤ በእኛ አገር በዚህ የሚቀየም የለም።

– ክዳኑን ራሱ መክፈት የሚችለው ምሳ ዕቃ እንግዛ፤ የጠበቀ ክዳን ይዞ ተርቦ የሚመለስ ብዙ ነው።

– ቺፕስና ለስላሳ የዕለት ምሳ አናድርግ፤ አንዱ ሲያመጣ የሌለው ቤት ልጅ ማታ ያለቅሳል፣ እናቱም የሌላትን ታወጣለች።

ጦርነቱን ያየን እኛ ነን

በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ሁለቱም ከተሞቻችን ጦርነቱ ውስጥ ነበሩ። ከዚያም በፊት ከራያና ቆቦ፣ ከወልዲያም የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በደሴ ትምህርት ቤቶች ክፍል ውስጥ ተጠልለው ነበር። በዚያ ሰሞን አራስ የነበሩት፣ በአንቀልባ ታዝለው የወጡት፣ በእናታቸው ማሕፀን የነበሩት ልጆች ናቸው አሁን ቦርሳ የሚይዙት። እነሱ አያስታውሱም። የምናስታውሰው እኛ ነን፤ ልጃችንን ከዓይናችን ማራቅ የሚከብደንም ከዚያ ወዲህ ነው። ፍርሃታችን ምክንያት አለው፤ ነገር ግን እጃቸውን ስንይዝ በእጃችን ይተላለፍባቸዋል።

– ስለ ተኩስና ስለ መፈናቀል ልጆች በሌሉበት እናውራ፤ ክፍል ውስጥ ተሸክመውት ይገባሉ።

– ድንገተኛ ድምፅ የሚያስደነግጠው ልጅ ካለን ለመምህርቷ እንንገር፤ በር ሲጋጭ ለምን እንደሚደበቅ ታውቃለች።

– ቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ወይም ከሌላ አካባቢ ተፈናቅሎ የመጣ ልጅ በሰፈራችን ካለ፣ ልጃችን አጠገቡ እንዲቀመጥ እንምከረው፤ የሚያውቀው አንድ ሰው ካገኘ ይበቃዋል።

– «የተፈናቃይ ልጅ» ብለን በልጆቻችን ፊት አንጥራ፤ ክፍል ውስጥ ስሙ እሱ ሆኖ ይቀራል።

– ቅሬዎቻችን በዚህ ይርዱን፦ የጠበበ ዩኒፎርም፣ ያልተቀደደ ቦርሳ በአንድ ቤት ይሰብሰብና ለሌለው ይሰጥ። አሰጣጡ ማታ፣ በእናቲቱ እጅ ይሁን፤ ልጁ የማንን እንደለበሰ ሌላ ልጅ እንዳያውቅ።

በዕለቱ ጠዋት

– በጊዜ እንነሳ፤ ተሯሩጦ የወጣ ቤት በር ላይ ይጨቃጨቃል።

– ሲለየን እንሰናበተው፤ ተደብቀን አንጥፋ፣ በማግስቱ ከጉያችን አይወጣም።

– ስንብቱን አጭር እናድርግ፦ ስመነው፣ «ከምሳ በኋላ እመጣለሁ» ብለን እንሂድ። ሰዓት ስለማያውቅ በሚያውቀው ነገር እንንገረው፤ ያልነውንም እንፈጽም።

– ቢያለቅስም ለመምህርቷ እንስጣትና እንውጣ፤ ብዙዎቹ በሩ ከተዘጋ ጥቂት ቆይተው ዝም ይላሉ፣ የእኛ መቆም ነው የሚያስረዝመው።

– እንባችንን ውጭ እናውጣው፤ የእናቱን እንባ ያየ ልጅ አደጋ ያለ ይመስለዋል።

– በመስኮት አናጮልቅ፣ አጥር ላይ አንንጠልጠል፤ የእኛ ልጅ ዝም ቢል እንኳ የሌላዋ ልጅ እናቱን ያስታውሳል።

– አያቶቻችንን በፍቅር እንለምናቸው፤ «ይምጣልኝ፣ ምን በወጣው» ብለው በሁለተኛው ቀን ከክፍል አውጥተው እንዳይመልሱት። አንድ ልጅ ሲወጣ ያዩ ሌሎቹ ሁሉ መውጫ እንዳለ ያውቃሉ።

– የራሳችንን ልጅ ፎቶ ለማስታወሻ እናንሳ፤ የሌሎች ልጆች ያሉበትን፣ የትምህርት ቤቱ ስም የሚነበብበትን ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አንለጥፍ፤ የልጅ ውሎ ለማያውቁት ሰው አይነገርም።

– ሱሪውን አርጥቦ ቢመጣ አንሳቅበት፣ አናውራበት፤ ቅያሪ ልብስ በፌስታል አድርገን ቦርሳው ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል።

– ማታ «ምን ተማርክ?» ብለን አናስጨንቀው፤ «ከማን ጋር ተቀመጥክ?» እንበለው፣ የጓደኛ ስም ይዞ ከመጣ ቀኑ ጥሩ ነበር ማለት ነው።

– መምህርቷን አመስግነን እንለፍ፤ ቅሬታ ካለን በር ላይ፣ ልጆች እየሰሙ አናንሳው። የወላጅ ቁጣ የሰማ ልጅ እሷን መስማት ይተዋል፣ ሌሎቹም ይከተሉታል።

አንዳንዱ ልጅ የመጀመሪያውን ሳምንት ሳያለቅስ ያልፍና በመስቀል እረፍት ቤት ውሎ ሲመለስ እንደ አዲስ ይጀምራል። ይህ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ «ደህና የነበረውን ልጄን ምን አደረጉብኝ» ብለን አንነሳ፣ ከትምህርት ቤትም አናስቀረው። በበዓሉ ሰሞንም የመኝታ ሰዓቱን አንለውጥ፤ ከመመለሱ በፊት ባለው ማታ ቦርሳውን ራሱ ያዘጋጅ፤ ጠዋት ከሰፈር ጓደኛው ጋር አብረን እንላካቸው። ያንን ጓደኛ የሚያደርሰው ወላጅ ማን እንደሆነ ከዛሬ እንነጋገር።